ፊዚክስን አንደኛ ሙዪልኝ

«ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይባላል። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ወጥቶ ስሜን እንጅባራ ላይ ሳገኘው መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይሄው ተረት ነው። ከክፍሌ ልጆች አንዱ ሐዋሳ፣ አንዷ ጅማ፣ ሌላዋ ድሬዳዋ ደረሳቸው፤ የድሬዳዋዋ ከወዲሁ ሙቀቱን እያማረረች ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ከቤታችን ከአዘና ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ወሬውን ሳይጨርስ የምወርድበት ከተማ ነው። አባቴ ሲሰማ ሳቀ። «ቆሰበር? ቆሰበርማ እኔም ድንች ልሸጥ እሄዳለሁ» አለ። እሱ ከተማዋን ዛሬም በድሮ ስሟ ነው የሚጠራት፤ እንጅባራ አይልም። እናቴ ግን እልልታውን አቀለጠችው፤ ልጇ ከዓይኗ ሳትርቅ ቀረችላት።

እኔ ከፋኝ። ሩቅ አገር ብሄድ ሌላ ሰው የምሆን ይመስለኝ ነበር። ቅርብ መመደቤን እንደ ቅጣት ቆጠርኩት፤ ዋናው ቅጣት ግን ገና ነበር።

ዶርም ስንገባ ከሩቅ የመጡት ልጆች ወዲያው ዘመድ ሆኑ። አብረው ያለቅሳሉ፣ ከቤታቸው የተቋጠረላቸውን በሶና ዳቦ ቆሎ አንድ ላይ ዘርግተው ይበላሉ፣ በዓል ሲመጣ አንዷ ሌላዋን ታባብላለች። እኔን የሚያባብለኝ አልነበረም። «አንቺማ ቤትሽ እዚሁ ነው» ይሉኛል፤ በዚህች በአንድ ዓረፍተ ነገር ከለቅሶውም ከበሶውም ወጣሁ። ቅዳሜ ወደ ቤት ስሄድ ደግሞ ታናናሾቼ ወንበር ይለቁልኛል። ጎረቤት ሲመጣ እናቴ «ዩኒቨርሲቲዋ መጣች» ብላ ታስተዋውቀኛለች። እዚያ እንግዳ፣ እዚህ እንግዳ። አይ እኔ፣ አገሬ ላይ ተሰድጄ።

እናቴ ስትደውል በአገውኛ ነው የማወራት። ስልኩን ስዘጋ ዶርሙ ጸጥ ብሎ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን አንዷ «ስለ እኛ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ላሟ ነበር፤ ወልዳ ነው። ይሄን ብናገርም ያመነኝ የለም። ከዚያ ወዲያ ስልክ ሲጠራ ወደ ውጭ እወጣ ጀመር። የቆሰበርን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እናቴ «ምንድን ነው የሚንጫጫው?» ስትለኝ «ሰው በዝቶ ነው» እላት ነበር።

ፍሬሽማን ሁላችንም የምንወስዳቸው ኮርሶች ነበሩ፤ ከነሱም ፊዚክስ፣ ሎጂክና ሲቪክስ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ይሰጡናል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲጀምር የመምህሩ ድምፅ ይጠፋል። የሎጂኩ መምህር እጁን አጣጥፎ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል፤ በጩኸት ሙግት አይረታም ይላል። የሲቪክሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከዝናቡ ጋር ይታገላል፣ በማግስቱ ጉሮሮው ተዘግቶ ይመጣል። የፊዚክሱ መምህር ግን አይጠብቅም፣ አይጮህም። ዝም ብሎ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል።

ያን ጊዜ ልጁ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይተኛል ወይ ስልኩን ይነካካል። እኔ ሰሌዳውን አያለሁ። አንዱ መስመር ሌላውን ይወልዳል፣ ሌላው ሌላውን፤ መጨረሻ ላይ መልሱ ቁጭ ይላል። ማንም ሳያወራኝ የገባኝ ነገር በሕይወቴ ያ የመጀመሪያው ነው። የሚያወራኝ ሰው ባልነበረበት በዚያ ወራት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለሰው ማስረዳት ይከብዳል። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ በዚያ አዳራሽ በዝናብ ሰዓት ብቻዬን አልነበርኩም።

አንድ ቀን እንዲሁ ስጽፍ አንዲት ልጅ ከኋላ ተነስታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ደብተሯ ባዶ ነው። «ምን እያለ ነው?» አለችኝ ጆሮዬ ላይ ጮሃ። «ምንም አላለም» አልኳት። «እና ምን ትጽፊያለሽ?» አለችና ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። የዳንግላ ልጅ ናት። እሷም እንደኔ የቅርብ ጠበል፣ ዶርሟ ውስጥ «አንቺማ ቤትሽ እዚሁ ነው» የምትባል። አገውኛ አትችልም፤ እናቴን ሳወራ ግን አጠገቤ ቁጭ ብላ ብርቱካን ትልጥ ነበር፣ ስለ ማን እንደማወራ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

አባቷ ዳንግላ ላይ ጋሪ ነጂ ነው። ስለዚህ ፊዚክሱን በጋሪ አስረዳኋት። «ፈረሱ ድንገት ሲነሳ ወደ ኋላ የምትወድቂው ለምንድን ነው? የተቀመጠ ነገር እንደተቀመጠ መቆየት ስለሚፈልግ ነው። ጋሪው ሄደ፣ አንቺ ገና አልሄድሽም» አልኳት። አሰበች። «አባቴ አለንጋውን ከማንሳቱ በፊት ሁሌ ‹ያዝ በሉ› ይላል» አለች። «እሱ ነው በቃ፣ ሕጉ እሱ ነው።» ከዚያ ወዲያ ሕጉን «ያዝ በሉ» እያልን ነው የምንጠራው።

በሎጂክና በሲቪክስ የሚደርስባት አልነበረም፤ ምላሷ ስለት ነው። ፊዚክስ ግን ጠላቷ ነበር። ተዳፋት ላይ ያለ ዕቃ ሲሰጣት ሳይን በሚገባበት ኮሳይን ታስገባለች፣ ሁሌም። ስህተቷን ሰው ፊት ስነግራት ስለምትሸማቀቅ መናገሩን ተውኩ፤ በእስክሪብቶዬ ጠረጴዛውን ጠቅ ጠቅ አደርጋለሁ። እሷም ቀና ሳትል በእርሳስ የጻፈችውን በመዳፏ ታጠፋለች። ካፌ ስንሄድ ሁለታችን የተሰጠንን በአንድ ሳህን ገልብጠን እንበላለን። በእኛ አገር ብቻውን የሚበላ ሰው ያሳዝናል፤ ወይ ታሟል፣ ወይ ተጣልቷል። እሷ እስክትመጣ ድረስ እኔ ከታመሙት ወገን ነበርኩ።

ሲቪክስ ክፍል አንድ ቀን ስለ ውክልና ተነሳ። መምህሩ «ሕዝብ የወከለው ሰው ሕዝቡ ያለውን ይፈጽም ወይስ ለሕዝቡ ይበጃል ብሎ ራሱ ያመነበትን?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ ሁሉ «ያለውን ይፈጽም» አለ። የዳንግላዋ ተነሳች። «የወከሉት ሰዎች እየተሳሳቱ መሆናቸውን እያየ ዝም ካለ ምኑን ተወከለ? ለነሱ የሚበጀውን ያድርግላቸው፣ በኋላ ያመሰግኑታል» አለች። መምህሩ «ካላመሰገኑትስ?» አላት። «እንግዲህ ያኩርፉ» አለች፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ዲፓርትመንት መምረጥ መጣ። ውጤቴ ጥሩ ነበር፤ ልጆቹ እንደሚሉት ሰቃይ ነኝ፣ የፈለግሁትን ማግኘት እችላለሁ። የምፈልገው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያ ሰው የሚጽፈውን እስከ መጨረሻው ማንበብ። ለዶርሜ ልጆች ስነግራቸው የሎጂክ ትምህርታቸውን አወጡልኝ። «ፊዚክስ የገባ ሁሉ አስተማሪ ይሆናል። አስተማሪ ሁሉ ደሃ ነው። ስለዚህ አንቺ ደሃ ነሽ።» መደምደሚያው ከመነሻው ይከተላል፣ ምን ይባላል። ፊዚክስን ሁሉም የመጨረሻ ነው የሚሞላው፤ ውጤት ያልበቃው የሚጣልበት ጎተራ ነበር። የሁሉም አንደኛ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። የዳንግላዋ ብቻ አልሳቀችም፣ «የምርሽን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

በዚያ ሰሞን ዳታ አይሠራም። ምርጫ የሚሞላው በዋይፋይ ነው፣ ዋይፋዩ ደግሞ የሚይዘው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ያውም ሲፈልግ። ስለዚህ እኛ ዘንድ እንዲህ ይደረግ ነበር፤ ከየዶርሙ አንዲት ጥሩ ስልክ ያላት ልጅ ትወከልና የሁሉንም ፓስወርድ ይዛ ሄዳ ብርዱ ላይ ቆማ ትሞላለች። ማንም ማንንም አይጠራጠርም። በር እንደ መዝጋት ያለ ነገር ነው፤ የመጨረሻዋ የወጣች ትዘጋዋለች። እኔ ደግሞ የአያቴ ተዝካር ደርሶ አዘና ነበርኩ። ድንኳን ተተክሎ፣ ቄሶቹ ገብተው፣ እንግዳ ሲተራመስ ከግርግሩ ወጥቼ ለዳንግላዋ ደወልኩላት። ፓስወርዴን ነገርኳትና «ፊዚክስን አንደኛ ሙዪልኝ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «እሺ» አለች። መስመሩ ስለሚቆራረጥ ዝምታው ከኔትወርኩ መስሎኝ ነበር።

ምደባው ሲለጠፍ ሁለታችን ተያይዘን ሄድን። የእኔ ስም ኮምፒውተር ሳይንስ ሥር ነበር። ሁለት ስም ተመሳስሎ መስሎኝ መታወቂያ ቁጥሬን አየሁ፤ የኔው ነው። ዞሬ ሳያት እሷ የኔን እያየች አልነበረም። የራሷን ስም ፍለጋ ከኮምፒውተር ሳይንሱ ወረቀት ጀምራ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች ወረደች። መጨረሻ ላይ ፊዚክስ ሥር አገኘችው። ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ነበር የሞላችው፤ ኮምፒውተር ሳይንስ አንደኛ፣ ፊዚክስ መጨረሻ። የኔ ውጤት አንደኛውን ሰጠኝ፣ የሷ ውጤት መጨረሻውን። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ይሄንን ነው።

ሬጅስትራር ሄድኩ። በመስኮቱ የነበሩት አዛውንት ደግ ሰው ናቸው። «አባባ፣ እባክዎ ፊዚክስ ያስገቡኝ» ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ልጄ፣ ሰው ከፊዚክስ አውጡኝ ብሎ ያለቅሳል እንጂ አስገቡኝ ብሎ ያለቀሰ አንቺን አየሁ» አሉ። ከተለጠፈ በኋላ አይቀየርም። ከእሷ ጋር እንለዋወጥ ስል የሷ ውጤት ለኮምፒውተር አይበቃም፤ ስለዚህ ያም አይሆንም። ሁሉም በደንቡ ነው፣ የምቆጣው ሰው አጣሁ። የምቆጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር የቀረኝ።

ከአዳራሹ ጀርባ አገኘኋት። «ለምን?» አልኳት። «ተሳስተሽ መስሎኝ ነው» አለች ዓይኗ አብጦ። «በተዝካር ግርግር ምን እንደምትዪ የማታውቂ መስሎኝ። ውጤትሽን እያየሁ ጎተራ ውስጥ ልጣልሽ? ለአንቺ ብዬ ነው።» የሲቪክሱ ቀን ትዝ አለኝ። «አዛኝ ቅቤ አንጓች» አልኳት። የባሰም ነገር አፌ ላይ ነበር፤ ዝናቡ ሲመጣ ዋጥኩትና ሄድኩ።

ኩርፊያ በእኛ ዘንድ አስታራቂ ይፈልጋል። ራሱ የሚታረቅ የለም፤ ሦስተኛ ሰው ይገባል፣ አንዱን ይቆጣል፣ ሌላውን ይለምናል፣ ያስተቃቅፋል። እኛን ማን ያስታርቀን? እሷ የምታውቀው እኔን፣ እኔ የማውቀው እሷን። ስለዚህ ኩርፊያው እንደ ጀመረ ቀረ። ካፌ ስገባ ሳህኔን ይዤ ጥግ ወዳለው ጠረጴዛ እሄድና ወደ ግድግዳው ዞሬ እበላለሁ። ሰው ብቻዬን ስበላ እንዲያየኝ አልፈልግም፤ ካልዞርኩ ደግሞ የማያት እሷን ነው። እስክንመረቅ ድረስ ያንን ግድግዳ አየሁት። አንድ ጥግ ላይ ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ ሌላ ቀለም ይታይ ነበር።

አንዳንዴ የፊዚክስ ክፍሎች ባሉበት በኩል አልፋለሁ። አንዲት ሚኒባስ የማይሞሉ ልጆች ተቀምጠው፣ ያ መምህር ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። በመስኮት ቆሜ ሁለት መስመር አነብና እሄዳለሁ። ቀናሁባት። ክፍሉን ትጠላዋለች፣ እኔ በመስኮት እሰርቀዋለሁ። ናፈቀችኝም። ሁለቱ ስሜት አንድ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚገቡ አላውቅም፣ ይገባሉ ግን።

ተመረቅን። እኔ ዳንግላ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ከፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት አወጣለሁ፤ ከዚያ ሲተርፍ ፓስወርዱን ለረሳ ኃላፊ ፓስወርድ እቀይራለሁ። በፓስወርድ የመጣብኝን የሚያውቅ ቢኖር ይስቅ ነበር። አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ፣ ማታ ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ እሑድ ልብስ አጥባለሁ። ጎረቤቶቼ «የአዘናዋ ልጅ» ይሉኛል። ደጎች ናቸው፣ ግን አንዷም «ነይ አብረን እንብላ» ብላኝ አታውቅም፤ እኔም የምጠራ ዓይነት ፊት የለኝም መሰለኝ።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ጋሪ ያዝኩ። ሽማግሌው አለንጋውን ከማንሳታቸው በፊት «ያዝ በይ ልጄ» አሉኝ። እጄ ብረቱ ላይ ቀረ። መንገዱን ሙሉ ስለ ልጃቸው አወሩልኝ፤ ፊዚክስ ተምራ አዘና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደርሷት ታስተምራለች። «ምን ያደርጋል» አሉ፣ «እዚያ ሰዉ ሁሉ አገውኛ ያወራል፣ እሷ አትሰማም። በስልክ ሳገኛት ‹በላሽ ወይ?› ስላት ‹በላሁ አባዬ› ትላለች፤ ድምፅዋ ግን የበላ ሰው ድምፅ አይደለም።» እርስዎ እኔን አያውቁኝም፣ እኔ ልጅዎን አውቃታለሁ ልላቸው ነበር። ስወርድ «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» ብዬ ብቻ ገባሁ። እኔ የሷ ከተማ፣ እሷ የኔ። አገር ተለዋወጥን እንጂ ሌላ ምንም አልተለዋወጥንም።

አንድ ቀን ቤት ስደውል ታናሽ እህቴ አነሳች፤ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። «አዲሷ የፊዚክስ መምህርታችን በጋሪ ነው የምታስረዳን» አለችኝ። «ጋሪው ሄደ፣ አንቺ ገና አልሄድሽም ትላለች።» ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። የተናደድኩ መስሎኝ ነበር፣ ቃሌን ስለወሰደችብኝ። ቆይቶ ሳስበው ግን ቃሌ ሳይጠፋ መቆየቱ ነው ያስለቀሰኝ።

ፈቃድ ወስጄ አዘና ሄድኩ። ቤት ናፍቆኝ ነው፣ ለእናቴ የነገርኳት እንደዚያ ነው። በማግስቱ ግን እግሬ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደኝ፤ የተማርኩበት ስለሆነ ዘበኛው ያውቀኛል። የእህቴ ክፍል በር ላይ ስቆም የዳንግላዋ ከሰሌዳው ዞራ አየችኝ። ከስታለች። ጠመኔው እጇ ላይ ቀረ። «ግቢ እንጂ» አለችኝ፣ ትናንት እንደተለያየን ሁሉ። ልጆቹ ግር ብለው ተነሱ፤ መጨረሻው ዴስክ ላይ ቦታ ሰጡኝና ተቀመጥኩ። እህቴ ዞራ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

መምህርቷ ሰሌዳው ላይ በተዳፋት የቆመ ጋሪ ስላ ነበር። የጋሪውን ክብደት ከፋፈለችና ወደ ታች በሚጎትተው በኩል ኮሳይን ጻፈች። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይገለብጣሉ። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ እስክሪብቶ ፈለግሁ፤ አጣሁና በቤት ቁልፌ ዴስኩን ጠቅ ጠቅ አደረግሁት።

ቆመች። አልዞረችም። ኮሳይኑን በመዳፏ አጥፍታ ሳይን ጻፈች፣ ትምህርቷን ቀጠለች። ድምፅዋ ግን ትንሽ ተለወጠ፤ እኔ ነኝ የማውቀው እንጂ ልጆቹ አላወቁም። ወዲያው ዝናቡ ጣለ። ቆርቆሮው መጮህ ሲጀምር ንግግሯን ተወችና ዝም ብላ መጻፍ ጀመረች፣ ልክ እንደ መምህራችን። እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩት።

ደወሉ ሲደወል ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አብረን ቆምን። ልጆቹ ደብተራቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ሮጡ። አስታራቂ የለም፣ አሁንም። የጠመኔውን አቧራ ከእጇ እያራገፈች ነበር።

«ያኔ ተሳስተሽ አልመሰለኝም» አለች። «እንደምትወጂው አውቅ ነበር። አብረን ኮምፒውተር የምንገባ መስሎኝ ነው፤ አንቺ ፊዚክስ ከገባሽ ከማን ጋር እበላለሁ ብዬ ፈራሁ።»

ብዙ የምመልሰው ነበረኝ። ዓመታት ሙሉ ግድግዳውን እያየሁ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። ከዚያ ሁሉ የወጣልኝ አንድ ብቻ ነው።

«እስክንመረቅ ብቻዬን ነው የበላሁት» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ከኋላሽ ባለው ጠረጴዛ ነበርኩ። ጀርባሽን እያየሁ ነው የበላሁት።»